ተምሮ ለወገን

በዋሽንግተን ከተማ ጆርጂያ ጎዳናን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሁሉ ኮረብታው ላይ ያለውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሳያይ አያልፍም። ብዙዎቻችን ግን በደጁ ከማለፍ በቀር ለእኛ የዋለውን ውለታ ጠይቀን አናውቅም። ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ተገቢ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃዋርድ የተመሠረተው በአሜሪካ ባርነት ከተሻረ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1867 ነው። በ1929 ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር የሕግ ትምህርት ቤቱ ምክትል ዲን ሆኑ። እኚህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመኮንንነት ሲያገለግሉ በገዛ ሠራዊታቸው ውስጥ በቀለማቸው የደረሰባቸውን ንቀት አልረሱም። ስለዚህ ጠበቃ ማለት ለእንጀራው ብቻ የሚሟገት ሳይሆን የተበደለ ወገኑን ኑሮ በሕግ የሚያቃና ሰው ነው ብለው አስተማሩ። የማታውን ትምህርት አስቀርተው ቀን ሙሉ እንዲሆን አደረጉ፤ ሥርዓቱንም አጠበቁ።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ከባልቲሞር በየቀኑ በባቡር እየተመላለሱ የተማሩት ተርጉድ ማርሻል ነበሩ፤ በ1933 በአንደኝነት ተመረቁ። በዚያን ጊዜ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። መምህርና ተማሪ አብረው ተሟግተው በ1936 በይግባኝም ረትተው በሩን አስከፈቱ። ሂውስተን በ1950 አረፉ። ማርሻልና የሙያ ጓደኞቻቸው በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው ሕፃናትን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ መሆኑን ሲያስፈርዱ፣ ዘሩን የዘሩት መምህር አዝመራውን አላዩም።

በዚያው ዘመን በሃዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ ይማሩ ነበር። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ተመርቀው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ወዲያውም የኢጣልያ ወረራ ደረሰ። በ1936 በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ በ1937ም በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው በችግር ላይ ሳሉ ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጡ፣ ድምፃቸውንም አሰሙ። መላኩም በ1940 የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ አረፉ።

ዛሬ ልጆቻችን የሚገቡባቸው ዩኒቨርሲቲዎች በሮች እንዲህ ባለ ድካም የተከፈቱ ናቸው። የተከፈተ በር ደግሞ ሊጠብብ ይችላል፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ መወሰኑ ይታወሳል። እኛ የእርዳታ ትምህርት ቅጽ ስንሞላ ጥቁር፣ የጎረቤታችን ችግር ሲነሣ ግን ሐበሻ ብቻ ከሆንን የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መባላችን አይቀርም።

ስለሆነም ማኅበራችን በሁለተኛው አሥር ዓመቱ ለትምህርት የሚያበቃቸውን ወጣቶች አንድ ነገር ቢጠይቃቸው መልካም ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥቂት ሰዓታት የእኛንም የጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችንንም ልጆች በአንድ ክፍል ያስጠኑ። ሂውስተንም መላኩም የተማሩትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም።