«ሲንክ» የሚለው ቃልና ያስጠበቀን ዓመታት

ስንክሳርንና ሲኖዶስን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የለም። ሁለቱም ቃላት ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት «ሲን» በሚለው፣ «አብሮ»፣ «በአንድነት» በሚል ትርጉም ነው። ይኸው «ሲን» ጊዜ ማለት ከሆነው «ክሮኖስ» ጋር ሲጋጠም «ሲንክሮኖስ» ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚሆን ማለት ነው። የጌም ተጫዋቾች «ሲንክ» የሚሉት የዚህን ቃል አጭር መጠሪያ ነው።

«ቪ-ሲንክ» ደግሞ የድሮ ቴሌቪዥን ውርስ ነው። የኤሌክትሮን ጨረሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስሎ ሲጨርስ ወደ ላይ እንዲመለስ የሚያዝዘው ምልክት ስሙ ይኸው ነበር። የ60 ሄርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ይታደሳል። ቪ-ሲንክ ሲበራ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን የሚልከው በዚህ ተራ ብቻ ነው፤ አንዱን ምስል ለመሥራት 20 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀበት ተራው አልፎታል፤ እስከ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። በሰከንድ 50 ምስል ማውጣት የሚችል ካርድ ወደ 30 የሚወርደው እንዲህ ነው። ቪ-ሲንክ ከጠፋ ደግሞ አዲሱ ምስል በአሮጌው ወገብ ላይ ይገባና ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ለሁለት ተቆርጦ ይታያል፤ ይህን «ቲሪንግ» ይሉታል። «ሞኒተር» የሚለው ስም ራሱ ከላቲኑ «ሞኔሬ»፣ ማሳሰብና ማስጠንቀቅ ከሚለው የተወለደ ነው፤ በክፍላችን የረባሽ ስም ይጽፍ የነበረው ሞኒተርም ከዚያው ነው። ስክሪኑ አዛዥ፣ ካርዱ ታዛዥ ሆነው ለብዙ ዘመን ኖሩ።

«አዳፕቲቭ ሲንክ» ይህን ገለበጠው። ሥሩ በላቲን «አፕቱስ»፣ ልክ የሚገጥም ማለት ነው፤ ግድግዳ ላይ የምንሰካው አዳፕተር ዘመዱ ነው። አሁን ስክሪኑ ካርዱን ይጠብቃል፤ ምስሉ ሲደርስ ያን ጊዜ ይታደሳል። ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንን በዲስፕሌይፖርት 1.2ኤ ውስጥ አካተተው።

የሚያሳዝነኝ ከዚህ ጎን ለጎን የሆነው ነው። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2013 የራሱን ሰሌዳ ሞኒተሩ ውስጥ የሚያስገባ «ጂ-ሲንክ»ን አስተዋውቆ ነበር፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2014 መጀመሪያ «ፍሪሲንክ»ን አሳየ፤ «ፍሪ» የተባለው የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠየቅበት ነው። አንዱ ከሌላው ካርድ ጋር ስላልሠራ «አብሮ» የሚል ቃል ለሁለት አጥር ስም ሆነ። ሰው ካርዱን ቶሎ ይቀይራል፤ ሞኒተሩን ግን ለዓመታት ያቆየዋል። ስለዚህ ፍሪሲንክ ሞኒተር ከኤንቪዲያው ጂፎርስ ካርድ ጋር የነበረው ተጫዋች፣ ችሎታው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ ድጋፉን ይጠብቅ ነበር።

ድጋፉ የመጣው በጃንዋሪ 2019፣ በአንድ ድራይቨር ነው፤ ስሙም «ጂ-ሲንክ ኮምፓቲብል» ተባለ። የላቲኑ «ኮም» እንደ ግሪኩ «ሲን» አብሮ ማለት ነው፤ «ፓቲ» ደግሞ መከራን መቀበል፣ መታገሥ። ታጋሽ የሚለው የእንግሊዝኛው «ፔሸንት»ም ከዚሁ ይወለዳል። ከ400 በላይ ሞኒተሮች ተፈትነው በመጀመሪያ ያለፉት 12 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሞኒተሮች ባለቤቶች ግን ተከልክለው አልቀሩም፤ ካርዳቸው ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ወዲህ ከሆነ ዲስፕሌይፖርት ኬብል ሰክተው ማብሪያውን በገዛ እጃቸው መክፈት ይችሉ ነበር፤ በብዙዎቹም ላይ ሠራ።