ለቅሶው የተደበቀበት ጦርነት

የ1972ቱን የሞስኮ ኦሊምፒክ እኛ የምናውቀው በምሩጽ ይፍጠር ነው። 5 ሺህም 10 ሺህም ሜትር ወርቅ! አባቶቻችን ዛሬም ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች ግን ከዚያ ድግስ ቀርተዋል። ምክንያቱ አፍጋኒስታን ነበረች፤ የሶቪየት ጦር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ድንበር ተሻግሮ ገብቶባታል።

አፍጋኖቹ ያዩትን መከራ ብዙዎች ጽፈውታል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ጦሩን የላከችውን አገር ቤት ነው።

እስቲ አንዲት የሶቪየት እናትን አስቧት። ልጇ 18 ሲሞላው ለሁለት ዓመት ውትድርና ይጠራል። ጋዜጣው «ወታደሮቻችን እዚያ ትምህርት ቤት ይሠራሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ» ይላታል። አንድ ቀን ታዲያ በዚንክ የታሸገ ሣጥን በሯ ላይ ይደርሳል። ከፍቶ ማየት ክልክል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀብሩም በዝምታ ነበር፤ ሐውልቱ ላይ «አፍጋኒስታን» የሚል ቃል አይጻፍም። «ዓለም አቀፋዊ ግዴታውን ሲወጣ» ከተባለ ይበቃል። ድንኳን ተጥሎ፣ ዕድርተኛ ተጠርቶ ለሚለቀስበት አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ዝም አልልም ያለም ነበር። የፊዚክስ ሊቁና የኖቤል ሰላም ተሸላሚው አንድሬ ሳካሮቭ ወረራውን በግልጽ ተቃወመ። በጥር 1972 ተይዞ ወደ ጎርኪ ከተማ ተጋዘ፤ ሞስኮን መልሶ ያየው በ1979 ነው።

መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ለሕዝብ የተናገረው በግንቦት 1980 ነበር፦ 13,310። ስምንት ዓመት ሙሉ እናቶች ሣጥን ሲቆጥሩ ኖረው ማለት ነው። ጦሩ በየካቲት 1981 ጠቅልሎ ሲወጣ ቁጥሩ ወደ 15 ሺህ ተጠግቷል።

የሩቅ ጦርነት አገር ቤት የሚገባው እንዲህ ነው። መንግሥት ሬሳ ለመደበቅ የሐዘንተኛን አፍ ይዘጋል፤ ጎረቤት ግን ሣጥኑ ሲወርድ አይቷል። ያየ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ጋዜጣው ስለ ስንዴ ምርት ቢነግረውም አያምንም።

እናቶቹም ተማሩበት። በ1981 የወታደር እናቶች ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1987 የቼቺኒያ ጦርነት ሲጀመር ሣጥን እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። አንዳንዶቹ እስከ ግንባር ተጉዘው ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት መልሰዋል።