የማጀት ሂሳብ፤ ከአዲስ ዓለም እስከ ሀገረ ሕይወት

ታሪካችን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከአዳራሹ በኩል ነው። ማን ነገሠ፣ ማን ዘመተ፣ ማን ድል አደረገ የሚለው ተደጋግሞ ተነግሯል። ዘማቹ በስልቻው ምን ይዞ እንደ ወጣ፣ ያንን ስንቅ ማን እንደ ቆላው፣ የተቆላበትስ ማገዶ ከየት እንደ መጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ማጀት የሴቶች ጓዳ ሆኖ ቀረ፤ የጓዳው ሙያም «ባልትና» ተብሎ ለምግብ አሠራር መጻሕፍት ተተወ። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ዋና ከተማውን እስከ መለወጥ የደረሰው በጉልቻ መካከል የሚነድ እንጨት አጥቶ ነው ቢባል፣ ባልትና ከታሪክ ውጭ ነው ብሎ የሚከራከር ማን ይኖራል?

ነገሩ የሆነው ሩቅ አገር አይደለም። እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው።

በማገዶ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ተመናመነ። የቤተ መንግሥቱ ግብር፣ የመኳንንቱ ሰፈር፣ የሠራዊቱ ድንኳን፣ ሁሉም በየዕለቱ የሚበላው በእንጨት የበሰለ ነው። ማገዶ ለማምጣት የሚኬደው መንገድ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ከዚያ በፊት የነበሩ ነገሥታት ይህን ችግር የሚወጡት በቀላል ዘዴ ነበር። እንጨቱ ሲያልቅ ከተማውን ይለቁና ወደ ሌላ ጫካ ይሰፍራሉ።

ዳግማዊ ምኒልክም ይህንኑ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ካልራቀው ስፍራ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት። ወደ እርሷ የወጣው መንገድ በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ ወደ ሆለታ፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የምንሄድበት ጎዳና መነሻው ይኸው ነው።

ዝውውሩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ተስማማው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማይቱ የራሷን ማገዶ ማብቀል ስትጀምር መሄዱ ቀረና ለቤተ መንግሥት የታሰበው የአዲስ ዓለም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ መንግሥት ችግሩን በዛፍ ፈታው። ድስቷን በየቀኑ የምትጥደው የቤት እመቤት ግን ዛፉ እስኪያድግ ልትጠብቅ አትችልም። እርሷ መፍትሔውን ያገኘችው ከምኒልክ ዘመንም ብዙ ቀደም ብላ፣ በአበሳሰሏ ውስጥ ነው። የደጋውን ማጀት ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ቁጠባው የእህል ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚቆጠበው እሳት ነው።

አንድ ጊዜ አንድዶ ብዙ ጊዜ መብላት

ሽሮን እንውሰድ። ድፍን አተር ወይም ሽምብራ እስኪበስል ከአንድ ሰዓት በላይ እንጨት ይፈጃል። ብልሃቱ እህሉን በበጋ፣ ማገዶው ደረቅ ሳለ፣ በብዛት ቆልቶ፣ ከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር አስማምቶ ማስፈጨት ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚያስፈልገው የሽንኩርት ቁሌት፣ ውሃና ጥቂት እሳት ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲረጥብ ሽሮ የቤቱ ዋስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ድሃ ምግብ ነው ብለን የምንንቀው ሽሮ፣ እሳቱ በዱቄት መልክ ተቆጥቦ የተቀመጠለት ምግብ ነው።

በሶም እንዲሁ ነው። ገብሱ ውሃ ነካ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ይደርቃል፤ ይነፋል፤ ይቆላል፤ ይፈጫል። ከዚያ ወዲያ እሳት አያሻውም። በውሃና በጨው ለወስ አድርጎ ጭብጦ ማድረግ፣ ወይም በማርና በስኳር በጥብጦ መጠጣት ነው። የሜጫ ኦሮሞ እናቶች ይህንኑ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ አሽተው ጭኮ ያደርጉታል። ጭኮ ውሃ ስለሌለበት አይሻግትም፤ ለአራስ፣ ለመንገደኛ፣ ለእንግዳ ይቀመጣል። ለሦስት እጅ ዱቄት አንድ እጅ ያህል ቅቤ፣ ኮረሪማና ጨው ጣል አድርጎ፣ ለብ ባለው ቅቤ ላይ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማሸት ነው።

ድርቆሽ ደግሞ ያደረውን እንጀራ የሚያድን ነው። ሻጋታ የጀመረው ለድርቆሽ አይሆንም። እንጀራው ገና ለስላሳ ሳለ ይቆራረሳል፤ በሰፌድ ላይ ሳሳ ብሎ ይሰጣል፤ ነጠላ ጨርቅ ይለብሳል፤ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ፀሐይ ይመታዋል። በጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ደረቅ ቦታ ከተሰቀለ ወራት ይቆያል። ሲፈለግ ቁሌቱ ውሃ ከተጨመረበትና ከፈላ በኋላ ድርቆሹ ይገባል። አስቀድሞ ውሃ መርጨት ግን ያላቁጠዋል።

ለጾም ቀን አዚፋ አለ። ድፍን ምስር ሳይፈርስ ተቀቅሎ ይጠፈፍና ግማሹ ደቀቅ ይደረጋል፤ በስናፍጭ፣ በሎሚ፣ በጥሬ ሽንኩርትና በቃሪያ ይለወሳል። ጠዋት የተሠራ አዚፋ ማታ በብርዱ ይበላል፤ ሁለተኛ እሳት አይፈልግም። ተልባም ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ያለ ዘይት ፍትፍት ይሆናል።

ከምጣዱ እስከ ፍሙ

እንጀራ ከማጀት ሥራዎች ሁሉ ማገዶ በሊታ ነው። በአንድ ቤት ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ምጣድ እንደሚወስድ የዘርፉ ባለሙያዎች ሲናገሩ ኖረዋል። በየቀኑ የማይጋገረው ለዚህ ነው። ምጣዱን ማጋል ትልቁ ወጪ ስለሆነ አንዴ ከጋለ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ብዙ ይጋገርበታል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው የከተማ ቤትም ይህ ሕግ አልተሻረለትም። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ነውና አምስት አምስት እንጀራ በየቀኑ መጋገር ገንዘብን ማቃጠል ነው።

የመጨረሻው እንጀራ ከወጣም በኋላ ሥራ አለ። በምጣዱ ትርፍ ግለት ቆሎ ይታመሳል፤ በርበሬ ይደርቃል፤ በተረፈው ሊጥ ቂጣ ይጣላል። ከቡሆው ላይ የቀረረው እርሾ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል፤ እርሾዋ የተበላሸባት ጎረቤት ከጎረቤቷ ትበደራለች። ጤፍ ተወድዶ ገብስ ወይም በቆሎ ሲቀላቀል፣ አብሲቱን በደንብ ማብሰል እንጀራው እንዳይሰባበር ይረዳል። ባኮ ላይ ተሻሽሎ በ1985 ዓ.ም. የተለቀቀው ቢ ኤች 660 የተባለ የበቆሎ ዘር ምርቱን ከፍ ካደረገ ወዲህ ይህ ብልሃት ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። ጠዋት አመዱ ገለጥ ሲደረግ እሳቱ በሕይወት አለ። የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ከጎረቤት እሳት ያስጭራል። ወተቱ የሚቀመጥበት ቅል በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራው በዝግታ ሞቅ ሲደረግ አይብ ይሆናል፤ አጓቱ ይጠጣል። ከጠላው የተረፈው አተላ ለከብት ይሄዳል። ከአንድ እንስራና ከአንድ ቅል የሚደፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በ1790ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ካውንት ራምፎርድ የተባለው ሊቅ በሙኒክ ከተማ ለድሆች ከገብስና ከአተር ርካሽ ሾርባ አሠርቶ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃም ነድፎ በዓለም ተደንቋል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የአገራችን ገብስና አተር ግን ስም የተጻፈለት ፈልሳፊ አላገኙም።

ክፉ ቀንና ስንቅ

ይህ ሙያ ትልቁን ፈተና የተፈተነው በክፉ ቀን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል በቆየው በዚያ ዘመን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ እርሻ ቆመ፤ ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ሕዝቡ ሳማና የሜዳ ቅጠል እየቀቀለ በላ። ከዚያ ከተረፉት እናቶች የመጣ ልማድ ነውና እህልን እንደ ነፍስ የሚሰስት እጅ በብዙ ቤት ቀረ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ክተት ታወጀ። ሠራዊቱ በአብዛኛው የሚበላው ከቤቱ ይዞት የወጣውን ነው። በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ሳይሻግቱ ወራት የሚቆዩ ስለሆኑ የዘመቻ ምግብ ሆኑ። አርባ ዓመት አልፎ ኢጣልያ ዳግም ስትመጣ በጅባትና ሜጫ እንደ ጃገማ ኬሎ ያሉ አርበኞች ጫካ ገቡ። የአውሮፕላን ዓይን ጭስ በሚፈልግበት ጊዜ ያለ እሳት የሚበላ ስንቅ ከጥይት የማያንስ ነበር። ስንቁን የምታዘጋጀው ሴት ስሟ በመዝገብ አልገባም እንጂ ዘመቻው ከእርሷ ሙቀጫ ይጀምር ነበር።

የሆራው ውሃ

የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት የተባለችው በጠበሏና በፍል ውሃዋ ነው። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ባላገሩ ከብቱን ወደ ሆራ የሚነዳው ማዕድኑ እንደሚያወፍርለት ስለሚያውቅ ነው። ውሃው ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ ተሞልቶ ይሸጥ ጀመር፤ በየከተማውም የምግብ ማወራረጃ ሆነ።

ማጀት ግን ከዚህም የራሱን ያወጣል። በውሃው ያለው ጋዝ ሊጥን ይነፋል። እርሾ የሌለው ሰው የስንዴ ዱቄት በጨው በአምቦ ውሃ ቀጠን አድርጎ በጥብጦ ወዲያው ትኩስ መጥበሻ ላይ ቢያፈስ ለስላሳ ቂጣ ያገኛል። ዋናው ነገር ጠርሙሱን ከፍቶ አለማቆየትና ሊጡን ብዙ አለመምታት ነው፤ ጋዙ ከወጣ ሥራው ከንቱ ነው። ባዶው ጠርሙስም ወደ መደብሩ ካልተመለሰ ለዘይት ወይም ለማር ይሆናል።

ያልተመዘገበው ወጪ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቁጠባውን ያመሰግናል። ሂሳቡ ሙሉ እንዲሆን ግን ወጪውም መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያው ወጪ መሬት የከፈለው ነው። እንጨት ባለቀበት ደጋ ኩበት ይነዳል። ኩበት የነደደበት ማሳ ደግሞ ፍግ ያጣል። የዛሬውን ወጥ ያበሰለው እሳት የከርሞውን እህል ይቀንሳል። በጊንጪ አቅራቢያ ያለው የጭልሞ ደንና የጅባት ደን የተረፉት ከብዙ ጥቂት ሆነው ነው።

ሁለተኛው የጤና ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ፣ ድርቅም ስለሚችል የችግር ቀን ሽሮ ይሆናል። በየቀኑና ለብቻው ለወራት ሲበላ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ አገራችን ይህን በተደጋጋሚ አይታለች። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ፣ ዋና ምግብ አለማድረግ ይገባል። ይህን ሳያውቁ መቆጠብ ዕዳ ማከማቸት ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ የሴቶች ጀርባ ነው። የድንጋይ ወፍጮው፣ ሙቀጫው፣ ጭሱ፣ እንጨት ለቀማው በማንም ደብተር ላይ ወጪ ሆኖ አልተመዘገበም። ከእንጦጦ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከ30 ኪሎ ግራም በላይ አዝለው ሲያልፉ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ምኒልክ ከተማ ለመለወጥ ያሰቡበትን ችግር እነርሱ በወገባቸው ሲሸከሙት ኖረዋል። «ቆጣቢ ቤት» ስንል ብዙ ጊዜ ያልተቆጠበው የእናትየዋ ጉልበት ነበር።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራጩት ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ የተወደዱት ይህን ወጪ ስለነኩ ነው። ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ በመያዝ የምጣዱን ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በሌላ ነገር እውነት ይሆናል፤ በማገዶ ጉዳይ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ብዙ ነገር ተለውጧል።

የጓዳን እውቀት መናቅም ዋጋ ያስከፍላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል አረጋገጡ። ሳሙና የሌላት ሴት ለቁጠባ የምትጠቀምበት ፍሬ በዓለም ሳይንስ መድረክ የቀረበው አንድ ሰው ቆም ብሎ ስላየ ነው።

ዛሬ ከተሜው እንጀራውን ከሱቅ፣ ሽሮውን ከባልትና መደብር ይገዛል፤ ይህም ብዙ እናቶችን ከጭስ አውጥቷልና የሚያስከፋ አይደለም። የሚያሳስበው ድንጋይ ወፍጮውን ስንጥል ከእርሱ ጋር የድርቆሹን፣ የአዚፋውን፣ የእርሾውን እውቀት አብረን እንዳንጥል ነው። የኑሮ ውድነት በሚያማርረን ጊዜ ሻጋታ የበላው እንጀራ በየቆሻሻ ገንዳው ሲታይ እውቀቱ መሸሽ መጀመሩን ያመለክታል። አያቶቻችን ያንን እንጀራ ገና ለስላሳ ሳለ ሰፌድ ላይ ያሰጡት ነበር። ሰፌዱን ወንድ ልጅም ቢይዘው፣ ዘነዘናውንም ወንድ ልጅ ቢያነሣው፣ ያ የቆየው ሂሳብ በዚህ ትውልድ ሊቃና ይችላል።