ባሕር ዛፍ፦ ከእንጦጦ ተዳፋት እስከ ሳሪስ ግቢ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ለከተማይቱ ማገዶና ለቤት ሥራ የሚበቃው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። እንጨት በራቀ ቁጥር መናገሻን ማዛወር የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር።

ይህ ሐሳብ እንዲቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። የአውስትራሊያው ተወላጅ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ አመጣጡ በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ ከፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህም ከተማይቱ በየጥቂት ዓመቱ የሚታጨድ የእንጨት አዝመራ አገኘች።

ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት ከቋሚው እስከ ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ሆነ። ቅጠሉ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው በእንፋሎቱ ይታጠናል። ፎቅ ሲሠራም የግንበኛው መወጣጫ ይኸው አጣና ሆኖ ቆይቷል።

ከተማይቱ በቢሾፍቱ መንገድ ወደ ሳሪስና ወደ አቃቂ ስትሰፋ ግን የዛፉም የአፈሩም ጠባይ ተለወጠ። በዚህ በኩል በሰፊው የሚገኘው ጥቁር መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በአጥር ጥግ የተተከለው ባሕር ዛፍም ለአጣና መቆረጡ ቀርቶ ለጥላና ለውበት ሲባል እንዲያድግ ተተወ። ሥሩ ከቤቱ መሠረት ሥር ያለውን እርጥበት ሲመጥ አፈሩ በአንድ ወገን ይሟሽሻል፤ መሠረቱም እኩል ባልሆነ መጠን ይሰምጣል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የቀድሞው የጭቃ ቤት ይህን እንቅስቃሴ ይችለው ነበር፤ እንጨቱ ይለመጣል፣ ምርጊቱ ቢሰነጠቅ እንደገና ይመረጋል። የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ግን መለመጥ አያውቅም። እንግዲህ የቀድሞውን ቤት ያቆመው ዛፍ የአዲሱን ቤት መሠረት የሚፈታተን ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ዛፉን ከግቢ ማጥፋት ብቻ አይደለም። በመረሬ ላይ ከቤት የሚርቅበት ልክ ቢያንስ ዛፉ ሲያድግ ከሚደርስበት ቁመት ጋር መተካከል አለበት፤ ጠባብ ግቢ ይህን ስለማይፈቅድ ትልቁ ዛፍ ለሰፊ ቦታ መተው ይገባዋል። ያረጀውንም በድንገት መቁረጥ የደረቀው አፈር መልሶ እንዲያብጥና መሠረቱን ወደ ላይ እንዲገፋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ አስቀድሞ አፈሩንና ስንጥቁን መመርመር ያሻል። ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ነጩን ባሕር ዛፍ በየጊዜው ከታች እየቆረጠ ቢያቆየው፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅርንጫፍ ክብና ብርማ ሰማያዊ ቅጠል ያወጣል፤ ለዐይን የሚያምረውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተካዮች የቆረጡት ለእንጨቱ ሲሉ ነበር። ነገር ግን ዛፉን ከቤታቸው ጋር አስማምቶ ያኖረላቸው ያው መጥረቢያ ነው።