መድረስ ሌላ፣ መኖር ሌላ፦ ከፓስፊክ ደሴቶች እስከ ባሌ ተራራ

በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች አንዲት ሩቅ ደሴት እናስብ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሲደርሱ የጻፈ የለም፤ የመጡበት ጀልባም እንጨት ስለሆነ በስብሷል። ታዲያ ታሪካቸውን በምን እናውቃለን? አርኪዮሎጂስቶች ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ መቼ ደረሱ? ከየት መጡ ወይም ምን ይዘው መጡ? አልፈው ሄዱ ወይስ ኖሩ? የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም። እነዚሁ ጥያቄዎች ባሕር በሌላት አገራችንም ይሠራሉ።

"መቼ"ን ለመመለስ ኒውዚላንድን እንይ። አይጥ ውቅያኖስ ዋኝታ አታቋርጥም፤ ከደረሰች የመጣችው በሰው ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአይጥ አጥንቶች ተለክተው 2,000 ዓመት ገደማ የሚሆን ዕድሜ ስለተገኘ፣ ሰውም ያኔ ደርሷል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ጃኔት ዊልምስኸርስትና ባልደረቦቻቸው አይጥ የቆረጠማቸውን የዛፍ ፍሬዎች በካርቦን 14 ለኩ። የጥርስ ምልክት ያለባቸው ፍሬዎች መታየት የሚጀምሩት ከ1280 አካባቢ ወዲህ ሆኖ ተገኘ። ከታሪኩ ላይ ሺህ ዓመት በላይ ተቀነሰ ማለት ነው።

የ"ከየት" ምስክር ደግሞ ባልጩት ነው፤ ሳይንሱ ኦብሲዲያን ይለዋል። ቅልጥ ዓለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የተፈጥሮ መስታወት ነው። እያንዳንዱ ምንጭ ዚርኮኒየም፣ ሩቢዲየምና ኒዮቢየም የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን በራሱ መጠን ይይዛል። ድንጋዩ ላይ ኤክስሬይ ሲለቀቅበት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ኃይል ያለው ኤክስሬይ መልሶ ይለቃል፤ መሣሪያው ያንን ይቆጥራል። እኛ ኢንጂነሮች የብረት ቅይጥ የምንለይበት ዘዴ እኮ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የላፒታ ባህል ሰዎች ወደ ሪፍና ሳንታ ክሩዝ ደሴቶች የወሰዱት ባልጩት ከኒው ብሪተን ደሴት እንደመጣ ታውቋል። ርቀቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አሁን ወደ እኛው ስምጥ ሸለቆ እንምጣ፤ ባልጩት በሽ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው ጋደሞታ የጥንት ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ሠርተዋል። ሊያ ሞርጋንና ፖል ሬኔ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የእሳተ ገሞራ አመዱን በአርጎን ዘዴ ለክተው፣ ከሥሩ ያሉት መሣሪያዎች ቢያንስ 276,000 ዓመት እንደሚሆናቸው አሳይተዋል። ባልጩቱ ይጓዝም ነበር። አጋዚ ነጋሽና ስቲቨን ሻክሊ ድሬዳዋ አጠገብ ካለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ የወጡ መሣሪያዎችን ሲመረምሩ፣ ከምንጮቹ አንዱ በወለንጪቲና በመተሐራ መካከል ያለው የኮኔ እሳተ ገሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ወደ ሩቅ ደሴት በጣም የሚቀርበው ግን ባሌ ነው። ዙሪያውን ቆላ ከቦታል፤ ላዩ ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ከፍተኛ ተራሮች ሰው ዘግይቶ የገባባቸው ቦታዎች ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ጎትዝ ኦሰንዶርፍና ባልደረቦቻቸው "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን ለወጠው። ቦታው 3,400 ሜትር አልፎ፣ በዌብ ሸለቆ ያለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ነው።

ሦስቱን ጥያቄዎች እናቅርብለት። መቼ? ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት፣ የባሌ አናት በረዶ ግግር ተሸክሞ በነበረበት ዘመን። የመሣሪያው ድንጋይ ከየት? ከዚያም በላይ፣ 4,200 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ የባልጩት ምንጭ፤ ስለዚህ ሰዎቹ ብርዱን ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ብቻ አልተቀመጡም፣ ወደ በረዶው ይወጡ ነበር። ኖሩ ወይ? አመድ፣ የሰው ዓይነ ምድርና በእሳት የተለበለበ ብዙ የፍልፈል አጥንት ተገኝቷል። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ዋና ምግባቸው ነበር። ኒውዚላንድ ላይ የመሰከረችው ሰው ያመጣት አይጥ ናት፤ እዚህ የመሰከረው ሰው የበላው ፍልፈል ነው።

ንጽጽሩ ግን ልክ አለው። ከፓስፊክ ደሴት በእግር አይወረድም፤ ከባሌ ግን ይወረዳል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ "ደጋግመው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሰፍረዋል" ብለው የሚያቆሙት፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ኖረዋል አይሉም።

አንድ ነገር ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንባቢዎች። ኤክስሬዩ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ መቼ እንደተጠረበ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የተቀበረበት አፈርና አመድ ነው። የተጠረበ ባልጩት ኪስ ውስጥ ሲገባ "ከየት" የሚለው መልስ አብሮት ይሄዳል፤ "መቼ" እና "ኖሩ ወይ" የሚሉት ግን እዚያው ይጠፋሉ። ስለዚህ ባቱ ወይም መተሐራ አካባቢ ብታዩ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ድንጋዩን ግን ከነበረበት አታንሱት።