ስንቅ ያቀበለውስ?

በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ፣ ቦነያ ላይ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። ወለጋን ያለ ውጊያ ሊረከቡ ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ያሉበት ጥቁር አንበሳ ሌሊቱን ደርሶ አቃጠላቸው፤ ጄኔራል ማልዮኮም እዚያው ቀረ። የጥቁር አንበሳ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ።

ይህን እናውቃለን። ግን ያንን ጦር ማን አበላው? ቁስለኛውን ማን ደበቀው? ከድል በኋላ ለአርበኛው ሜዳይ ተሰጠ፤ ስደተኛውም የራሱ ሜዳይ አልቀረበትም። “የውስጥ አርበኛ” የሚል የክብር ስምም አለን፤ ስሟ ተጽፎ የቀረላት ስንቅ አቀባይ ግን ጥቂት ናት።

ዛሬም ያረጀ ዘማች መድኃኒቱን ገዝቶለት፣ ጡረታ መቀበያው ድረስ ደግፎ የሚወስደው ጎረቤት ነው። ዘማቹን መሸለም የትናንት ብድር መክፈል ነው። ጧሪውን መሸለም ግን ለነገው ዘማች “ወድቀህ አትቀርም” ማለት ነው።