ማሽኑና ባንዱ፦ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከጀርመን፣ ከዱሰልዶርፉ ክራፍትወርክና ከ1974ቱ «አውቶባን» ይነሣል (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እነዚያ ሙዚቀኞች የማሽንን ድምፅ የኢንዱስትሪ ዘመናቸው መልክ አድርገው በፈቃዳቸው መረጡት። ኃይሉ መርጊያን ወደ ማሽን ያደረሳቸው ግን ብቸኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኃይሉ በሂልተን ሆቴል የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ ከአዳራሹ ስለማይወጣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በ1981 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ኃይሉ ቀሩ።

በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጹ ከጎናቸው ባንድ አልነበረም። የከበሮውን ቦታ የምት ማሽን ያዘ፤ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 ታከሉበት። ዋናውን ዜማ ግን ለአኮርዲዮን ሰጡት፤ እኔ ኮልፌ ሳድግ የአባቶቻችን ዘመን መሣሪያ ነው ብለን ለተውነው አኮርዲዮን! የማሽኑ ምት አይደክምም፣ ለተጫዋቹም መልስ አይሰጥም። አኮርዲዮኑ ግን መልስ የሚጠብቅ ይመስል እየጠየቀ ይሄዳል። የካሴቱን ውበት የማገኘው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁም በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 ዳግም ሲታተም ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ወደ መድረክ ተመለሱ።